ሚስማር ሲወጋን የቴታነስ ክትባት የሚያስፈልገን መቼ ነው?

ብዙ ሰው የሚምታታበት 5 አመትና 10 አመት የሚባለው ነገር ነው። መጀመሪያ ግን ችግሩ ዝገቱ አይደለም፣ መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የሚያመጣው ባክቴሪያ አፈርና እበት ውስጥ ነው ያለው ስለዚህ እሾህም ቢወጋህ ያው ነው።

ከዚህ በፊት 3 ዶዝ ጨርሰህ ከሆነ፣ ቁስሉም ትንሽና ንፁህ ከሆነ፣ በለው ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ ጫር አድርጎህ፣ ቡስተር (ማጠናከሪያ ክትባት) የምትወስደው ከመጨረሻው ክትባት 10 አመት ካለፈህ ነው። አፈር ወይ እበት የነካው ወይ ጥልቅ ቁስል ከሆነ ግን 5 አመት ካለፈህ ትወስዳለህ።

ስንት እንደወሰድክ ካላወቅክስ? እንዳልተከተብክ ነው የሚቆጠረው፣ ከ1 ትጀምራለህ፣ ቁስሉ ቆሻሻ ከነካው ደሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል ሌላ መርፌ ይጨመርልሃል ምክንያቱም ክትባቱ ሰውነትህ መከላከያ እስኪሰራ ቀናት ይፈጃል ይሄኛው ግን ተሰርቶ ያለቀ መከላከያ ነው።

እህቶች፣ በእርግዝና ክትትል የወሰዳችሁትም ይቆጠራል፣ ካርዱን እባካችሁ አትጣሉት! እና አንድ ጊዜ ታምሜ ድኛለሁ የሚል ሰውም መከተብ አለበት፣ ይሄ በሽታ እንደ ኩፍኝ አይደለም፣ ደግሞ ይይዛል።

ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ ከዛ በዛው ቀን ጤና ጣቢያ።