«ዲስኩ ሄዷል» ሲባል ቶሎ አትመኑ

አራት ኪሎ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ያለው ጓደኛ አለኝ። ተማሪው ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። በቀን የሚሰካው ፍላሽ ቁጥር የለውም። ቫይረሱ ሲያማርረው ማሽኖቹን በሙሉ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ወደሆነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ወደ ኡቡንቱ ቀየራቸው። ቫይረሱ ተረሳ። አሁን ደግሞ አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ለእኔ ይደውላል። «ዲስኩ ሄዷል መሰለኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የትም አልሄደም። እዚያ ቤት ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ዲስኩ ሞልቷል፤ ትልቅ ይገዛ»

መጀመሪያ ምን እንደሞላው ይታይ። አንድ ቀን አንዱ ማሽን ቦታ የለኝም ብሎ ቀጥ አለ። የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም ፈላልጎ 40 ጊጋባይት የሚያህል የሎግ ፋይል (ማሽኑ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት) አገኘና አጠፋው። ቦታው ግን አልተመለሰም። «ሰይጣን አለበት» ተባለ።

ሰይጣን የለበትም። ሊኑክስ ላይ ፋይል ስታጠፉ መጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ ነው። ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ካለ፣ እሱ እስኪዘጋው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ሞልቷል እያለ፣ «ዲዩ» የተባለው ደግሞ ፋይሎቹን ሲደምር ያን ያህል የማያገኘው ለዚህ ነው። ማሽኑን ሪስታርት ስናደርገው 40 ጊጋው ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን እንደገና መሙላት ጀመረ። ሎጉን ገልጠን ስናነበው አንድ ዓይነት መስመር ብቻ ነው፤ የዋይፋይ ካርዱ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስህተት እያስመዘገበ ኖሯል። ካርዱን ነቅለን፣ እግሩን ጠርገን መልሰን ሰካነው። ቀረ። አዲስ ዲስክ ቢገዛ ኖሮ እሱም ይሞላ ነበር።

ቦታ እያለ ሞልቷል የሚልበትም ጊዜ አለ። እያንዳንዱ ፋይል አንድ «አይኖድ»፣ ማለትም የፋይሉ መረጃ የሚመዘገብበት መዝገብ፣ ይፈልጋል። ኤክስት4 በሚባለው የኡቡንቱ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ላይ የአይኖድ ብዛት የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው። ጥቃቅን ፋይል በሚሊዮን ከተከማቸ አይኖዱ ቀድሞ ያልቃል። ኤክስት4 በተጨማሪ 5 በመቶውን ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ብሎ ያስቀራል፤ 500 ጊጋ ላይ 25 ጊጋ ገደማ ማለት ነው። ፍላሽ ላይ ደግሞ በትእዛዝ ሳይሆን በፋይል ማሳያው መስኮት ያጠፋችሁት ፋይል እዚያው ፍላሹ ላይ በተደበቀ ፎልደር ይቀመጣል። ትራሹን ባዶ ካላደረጋችሁ ቦታው አይመለስም። ተማሪ የሚጨቃጨቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

«መጻፍ እምቢ ካለ ፈቃዱን ክፈተው»

ይህቺ ምክር ታበሳጨኛለች። ፋይል አልጻፍም ሲል ሁሉም 777 (ማንም እንዲያነብና እንዲጽፍ የሚያደርግ ፈቃድ) ሰጥቶ ሊከፍተው ይሮጣል። ኡቡንቱ ግን ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ላይ ስህተት ሲያይ ሆን ብሎ ለንባብ ብቻ ያደርገዋል። ጉዳቱ እንዳይብስ እጁን ሰበሰበ እንጂ አልተበላሸም። ዊንዶውስም አብሮ ያለበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን ጠርጥሩ። ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ስለሚያንቀላፋ ሊኑክስ የዊንዶውስ ክፍል ላይ አልጽፍም ይላል። ዊንዶውስ ገብታችሁ ፋስት ስታርታፑን አጥፉት።

የዊንዶውስ ጉዳይ ካልሆነ የሲስተሙን መልእክቶች የሚያሳየው «ዲሜሴጅ» የተባለው ትእዛዝ ምን እንደሚል አንብቡ። ከዚያ የስማርት ቁጥሮችን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚመዘግባቸውን) እዩ፤ ዲስክስ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ በመስኮት ይታያሉ። ቁጥር 199 (በዲስኩና በማሽኑ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ መረጃ) እየጨመረ ከሄደ ተጠርጣሪው ዲስኩ ሳይሆን ኬብሉ ነው። እኔ በኬብል ብቻ ያዳንኳቸው «የሞቱ» ዲስኮች ጥቂት አይደሉም። ቁጥር 5 እና 197 (የተበላሹና ማንበብ ያስቸገሩ የዲስክ ቦታዎች) እየጨመሩ ከሆነ ግን አዎ፣ አሁን እውነትም እየሄደ ነው።

«ስማርት አልፏል ብሏል፤ ጤነኛ ነው»

አልፏል ማለት ፋብሪካው ያስቀመጠውን የመጨረሻ መስመር ገና አልረገጠም ማለት ብቻ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ ባወጣው ጥናት፣ ከተበላሹት ውስጥ ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሙቀት ውጪ በአንዱም የስማርት ቁጥር ላይ ምልክት አላሳዩም ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ መጥፎ ሲሆን እመኑት። ጥሩ ሲሆንም ቅጂ ይኑራችሁ።

«ኤፍኤስሲኬ ይነዳበት፣ ካልሆነም ፎርማት»

ኤፍኤስሲኬ የተባለው ትእዛዝ የሚጠግነው የፋይል ሲስተሙን ነው፤ ብረቱን አይደለም። እየሠራ ባለ ዲስክ ላይ እንዲጠግን ማዘዝ ራሱ ፋይል ያበላሻል። ከላይቭ ፍላሽ (ኡቡንቱ ያለበት፣ ማሽኑን ከዲስኩ ውጪ የሚያስነሣ ፍላሽ) ተነሥታችሁ ነው የሚደረገው። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ደግሞ ጥገናው ራሱ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ «ዲዲሬስኪዩ» በሚባል ፕሮግራም ሙሉ ቅጂውን ጤነኛ ዲስክ ላይ አውጡ። ከዚያ ቅጂው ላይ እንደፈለጋችሁ። ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት የሚላችሁን አትስሙ፤ ውስጡ ጤዛ ይይዛል።

«ሊኑክስ ጆርናል ስላለው መብራት ቢጠፋ ግድ የለም»

ጆርናሉ፣ ማለትም ፋይል ሲስተሙ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ደብተር፣ የፋይል ሲስተሙን ቅርጽ ያድናል። ተማሪው ሴቭ ያደረገውን ምዕራፍ አራት ያድናል ማለት ግን አይደለም። የተጻፈው ነገር ዲስክ ላይ እስኪወርድ ራም ላይ 30 ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙ፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለፓወር ሳፕላዩም ይጠቅማል። ፍላሽም ያው ነው። ኮፒ አለቀ ሲል ያለቀው ራም ላይ ነው። ኢጀክት ሳይደረግ የተነቀለ ፍላሽ ቤት ሲደርስ ፋይሉ አልከፈትም ይላል፤ ስድቡን የሚቀበለው ጓደኛዬ ነው።

«ራሙ ሞልቷል» ለሚሉም፦ ሥራ የፈታ ራም ለካሽ (ከዲስክ የተነበበውን ለቅርብ ጊዜ ለማቆያ) ይውላል። የምታዩት «አቬይለብል» የሚለውን ይሁን። ማሽኑ ያለ ምክንያት ድርቅ የሚል ከሆነ ግን ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስትን ሌሊቱን ሙሉ አስሩጡት።

ባለፈው ደግሞ ጓደኛዬ መንገድ ላይ በርካሽ ያገኘውን 2 ቴራባይት ፍላሽ ይዞ መጣ። ፋይል ይገባል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። እንደ ልማዱ «ሊኑክስ አልቻለውም» አለ። «ኤፍ3» የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ፣ መልሶ አንብቦ፣ የጻፈው መኖሩን ይቆጥራል። አስነሣንለትና ቡና ልንጠጣ ወጣን። ለ2 ቴራ አንድ ቡና እንደማይበቃው ረስተነው፣ ውጤቱን ያየነው በማግስቱ ነው። ውስጡ ያለው 29 ጊጋ ነበር።