«ፍላሽ ነው እንዴ?» ስለ ቲቪ ስቲክ ተሳስተን የምናምናቸው ነገሮች

ባለፈው ፋሲካ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ መጥታ ነበር። ከሻንጣዋ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ አወጣችና «ይቺ የእማዬ ናት፤ ቲቪው ላይ ሰካላት» ብላ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አገላብጣ አየችው። «ፍላሽ ነው እንዴ? ስንት ፊልም ይዟል?» ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የየራሱን አስተያየት ሰጠ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ስህተት ነበር። ትክክሉን የተናገረው የአሥር ዓመቱ ልጅ ነው። «ዋይፋይ ይፈልጋል» አለ። የሰማው የለም።

«ፊልሙ ውስጡ ተጭኗል»

አልተጫነም። ፋየር ቲቪ ስቲክ በሉት፣ ሮኩ ወይም ክሮምካስት፣ ነገሩ የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ዋይፋይ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ዩቲዩቡንም ኔትፍሊክሱንም ከኢንተርኔት እየሳበ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። የሚሰካውም ፍላሽ የሚገባበት ዩኤስቢ ላይ ሳይሆን ኤችዲኤምአይ በሚባለው የምስልና የድምፅ ቀዳዳ ላይ ነው። ቲቪያችሁ ያለው ቀይ፣ ነጭና ቢጫው ቀዳዳ ብቻ ከሆነ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ስትገዙ «ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» መሆኑን አረጋግጡ። የተገላቢጦሹም በዚያው ቅርጽ ይሸጣል። እኔ ራሴ እሱን ገዝቼ ከጥቁር ስክሪን ጋር ተፋጥጬ ውዬአለሁ።

«የአሜሪካ ነው፣ 110 ነው፣ ይቃጠላል»

ይሄን ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ከአሜሪካ የመጣ ጁስ መፍጫ በእኛ 220 ሲጨስ ያየ ሰው ይፈራል። ስቲኩ ግን የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። 220ውን ወደ 5 የሚያወርደው ቻርጀሩ ስለሆነ፣ መታየት ያለበት ቻርጀሩ ላይ በደቃቁ የተጻፈው ነው። «ኢንፑት» ከሚለው ጎን ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ያለ ስጋት ይሰካል። የሚያስቸግረው ጠፍጣፋው እግሩ ብቻ ነው።

«ቻርጀር ምን ያደርጋል? ቲቪው ራሱ ዩኤስቢ አለው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «ስቲኩ ተበላሸ» ከሚባለው ውስጥ ብዙው ከዚህ የሚነሳ ነው። የብዙ ቲቪዎች ዩኤስቢ የሚሰጠው 0.5 አምፒር አካባቢ ነው። ብዙዎቹ ስቲኮች የሚፈልጉት 1 አምፒር ነው። ውጤቱን አክስቴ ቤት አይተነዋል። ሎጎው ይመጣል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ሎጎው እንደገና ይመጣል። አንዳንዴ ዩቲዩብ እስኪከፈት ይታገሠንና መዝሙሩ ሊጀምር ሲል ድርግም! ጎረቤታችን «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን አዩኝ። ሌላው «ፎርማት አድርገው» አለ። ገመዱን ከቲቪው ነቅዬ የስልኬ ቻርጀር ላይ ሰካሁት። በቃ። ከዚያ ወዲህ መብራት ካልሄደ በቀር አልጠፋም።

«ፎርማት አድርገው» የሚለውም የራሱ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስቶች በየአገሩ በአንድ ጊዜ መሥራት አቆሙ። ዕቃው ጤነኛ ነበር፤ ጊዜው ያለፈበት ውስጡ ያለው፣ የዕቃውን እውነተኛነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰርተፊኬት ነው። የክሮምካስት ባለቤት ጉግል ራሱ «ፋክተሪ ሪሴት አታድርጉ»፣ ማለትም ሁሉን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አታስጀምሩት፣ ብሎ አስጠነቀቀ፤ በቀናት ውስጥም ማስተካከያ ላከ። ቸኩለው ሪሴት ያደረጉት እንደገና ለማስነሳት ከሌላው የበለጠ ተቸገሩ።

«ስቲክ ሲገባ ኔታችን ይፈጥናል»

ያለውን ኔት ነው የሚጠቀመው። ኔትፍሊክስ ለፉል ኤችዲ 5፣ ከዚያም ለሚጠራው 4ኬ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ እንዲኖራችሁ ይመክራል። ከዚያ በታች ከሆነ ክቧ ስትሽከረከር ታያላችሁ። አንዳንዴ ግን ኔቱ በቂ ሆኖ ስቲኩ ከቲቪው ጀርባ ተደብቆ ዋይፋዩን በደንብ አያገኝም። ካርቶኑ ውስጥ አጭር የኤችዲኤምአይ መቀጠያ ካለ አትጣሉት፤ ስቲኩን ወደ ጎን የሚያወጣው እሱ ነው። ራውተሩ ሌላ ክፍል ከሆነ ደግሞ ከ5 ጊጋኸርዙ የዋይፋይ ሞገድ ይልቅ 2.4ቱን ሞክሩ። ዝግ ይላል፣ ግድግዳ ግን የተሻለ ያልፋል።

«ካስት ሳደርግ የስልኬ ዳታ ያልቃል»

ስልኩ ላይ ያለችውን የካስት ምልክት (ቪዲዮን ወደ ቲቪ የምታሻግረውን) ስትጫኑ ስልኩ ለስቲኩ የሚነግረው «ይሄን ቪዲዮ ክፈት» ብቻ ነው። ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የሚያመጣው ስቲኩ ነው፤ ስልኩ ሪሞት ሆኖ ይቀራል። የስልኩን ስክሪን እንዳለ ቲቪው ላይ ማሳየት ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ስልኩን ሥራ ያበዛበታል።

ግን ልብ በሉ፤ ዋይፋዩ የስልካችሁ ሆትስፖት ከሆነ ሁሉም ከእናንተ ጥቅል ነው የሚቆረጠው። በኔትፍሊክስ ስሌት ኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት፣ 4ኬ እስከ 7 ጊጋ ባይት ይበላል። በዚያ ላይ ቻርጀር ላይ የተሰካ ስቲክ ቲቪው ቢጠፋም ራሱ ላይጠፋ ይችላል። ዩቲዩቡ በጨለማ አንዱን ቪዲዮ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከመተኛታችሁ በፊት ቪዲዮውን አቁሙ።

«ሁሉንም ቻናል በነጻ ይከፍታል»

ስቲኩን መግዛት አንድ ነገር ነው፣ የኔትፍሊክስ ወርሃዊ ክፍያ ሌላ። «ሁሉም ተከፍቶለታል» ተብሎ የሚሸጥ ስም የለሽ ዕቃ ካያችሁ እኔ ብሆን አልነካውም። ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ባድቦክስ 2.0 ስለተባለ፣ በቫይረስ የተጠለፉ ዕቃዎች መረብ ሲያስጠነቅቅ፣ ከምልክቶቹ መካከል አንዱ አድርጎ የጠቀሰው ይሄንኑ የነጻ ቻናል ማስታወቂያ ነው። አንዳንዶቹ ቫይረሱ ገና ሳይሸጡ ተጭኖባቸው ይመጣሉ፤ የቤታችሁን ኢንተርኔት ለሌባ መሸሸጊያ ያደርጉታል።

አሜሪካ ወላጆች ያሏችሁም ይሄን ንገሯቸው፦ ሮኩ ለማስጀመሪያ ብሎ ገንዘብ አይጠይቅም። ለ«አክቲቬሽን» ብሎ ክፍያ የሚጠይቅ ስልክ ወይም ድረ ገጽ አጭበርባሪ ነው።

«እንግዲህ ዲሹን እናውርደው»

አታውርዱት። ዲሽ ዳታ አይበላም፣ ኔት ሲቋረጥም ይሠራል። አክስቴ ዜናዋን በዲሽ፣ መዝሙሯን በስቲክ ታያለች።

«ሪሞቱ ከጠፋ አለቀለት»

የሦስቱም ስቲኮች አፕ ስልክ ላይ ይጫናል፤ ስልኩና ስቲኩ አንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ ድረስ ስልኩ ሪሞት ይሆናል። አክስቴ ሪሞቷ ሦስት ቀን ጠፍቶባት በዚህ ነው የከረመችው። በአራተኛው ቀን ደወለች። «አገኘሁት እኮ! የረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ሥር።»