የላብራቶሪ ሜታዳታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቡና ናሙና ውስጥ ያለውን ካፌይን በኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ ውስጥ የተደባለቁ ንጥረ ነገሮችን ለይቶ በሚለካ ማሽን) ለካችሁ እንበል። ውጤቱ 12.4 ይላል። 12.4 ምን? ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ኮለም (ንጥረ ነገሮቹን በሚለየው ቱቦ) ለካው? ይህን የሚመልሰው ሜታዳታ፣ ማለትም ስለ ውጤቱ የሚገልጸው መረጃ ነው። ስለሱ የሚባለው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ማሽኑ ሁሉንም ይመዘግባል»

ማሽኑ የሚያውቀው የራሱን ሥራ ነው። የፍሰት መጠኑን፣ የሞገድ ርዝመቱን ይይዛል። ናሙናው ከየት እንደመጣና ስንት እጥፍ እንደቀጠነ ግን ካልነገሩት አያውቅም። ጣጣው እዚህ ነው። 10 እጥፍ መቅጠኑ ካልተመዘገበ ውጤቱ በ10 እጥፍ ያንሳል። ክሮማቶግራሙ (ማሽኑ የሚያወጣው ግራፍ) ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ያምራል።

«ፒዲኤፉ ካለ በቂ ነው»

ፒዲኤፍ ፒኩን (የግራፉን ጉብታ) ያሳያል እንጂ እንደገና ኢንተግሬት አያስደርግም፤ የጉብታውን ስፋት ዳግም ማስላት አይቻልም። ጥሬ ፋይሉ ከነሜታዳታው ይቀመጥ።

«ቀን ያው ቀን ነው»

እኛ አገር ይህ ትልቅ ራስ ምታት ነው። 05/03/2017 የሚል መዝገብ አገኛችሁ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 2024 መሆኑ ነው። አውሮፓዊ ካነበበው ማርች 5 ቀን 2017፣ አሜሪካዊ ካነበበው ደግሞ ሜይ 3 ይሆንበታል። ሰዓቱም ያው ነው፤ «3፡30» የጠዋት ነው ወይስ የሌሊት? አይኤስኦ 8601 የሚባለው ደረጃ ዓመቱን ያስቀድማል፦ 2024-11-14፣ ከዚያ 09:30፣ ከዚያ የሰዓት ቀጠናው +03:00። የኢትዮጵያውን ቀን መያዝ ከፈለጋችሁ ለብቻው ዓምድ ስጡት። አንድ ላይ አታደባልቁ።

«ውድ ሶፍትዌር ይጠይቃል»

ኧረ በኤክሴልም ይጀመራል። ዓምዶቹ የማይቀያየሩ ይሁኑ። የመለኪያ አሃድ የራሱ ዓምድ ይኑረው። የንጥረ ነገር ስም ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ እንጂ በእጅ አይጻፍ። ከስሙ ጎን የካስ ቁጥሩ (ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ) ይግባ፤ የካፌይን 58-08-2 ነው። አንዱ «ካፌይን»፣ ሌላው «ካፌን» ብሎ ቢጽፍ እንኳ ቁጥሩ ያገናኛቸዋል።

«የጋራ ፎርማት ከመረጥን አለቀ»

ለማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ለሚለየው ዘዴ) ኤምዜድኤምኤል የሚባል የፋይል ፎርማት አለ፤ ሌሎችም አሉ። ጠቃሚ ናቸው። ነገር ግን ፎርማት መረጃው የት እንደሚገባ ይወስናል እንጂ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ሁሉም በአንድ ፓስወርድ እየገባ «ኦፕሬተር» የሚለው ቦታ ላይ «አድሚን» ከተጻፈ ምን ዋጋ አለው? አይኤስኦ 17025 የሚባለው የላብራቶሪዎች ደረጃ እያንዳንዱን ሥራ የሠራው ሰው ማንነት እንዲታወቅ ይጠይቃል። አድሚን የሚባል ኬሚስት ደግሞ የለም።