ምን ይጠና? የጤና ምርምር ቅድሚያ በጎጃም

የኅብረተሰብ ጤና ምርምር ገንዘብ ሁሌም ከጥያቄው ያንሳል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ወባ ይጠና? የእናቶች ሞት? ስኳርና ደም ግፊት? ከተመራማሪው ጋር ታማሚ፣ አስታማሚ፣ ነርስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ቄስና የእድር ዳኛ ተቀምጠው ሲመርጡ «የባለድርሻ አካላት ተሳትፎ» ይባላል። ቃሉ ከስብሰባ ብዛት ለዛው አልቋል። ሥራው ግን ገና ነው።

በዓለም ደረጃ ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 አንድ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አገሮች የጤና ምርምር አጀንዳቸውን ራሳቸው እንዲቀርጹ መክሮ ነበር። ቆይቶም «10/90» የሚል አነጋገር ተለመደ፤ ከዓለም የጤና ምርምር ገንዘብ 10 በመቶው ብቻ 90 በመቶ ለሚሆነው የበሽታ ጫና ይውላል ለማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ጄምስ ሊንድ አሊያንስ የተባለ ድርጅት ታማሚን፣ አስታማሚንና ሐኪምን እኩል አስቀምጦ አሥር ዋና ዋና ጥያቄዎችን ያስመርጣል።

ጎጃም ውስጥ የጤና ጥናት በብዛት የሚወጣው ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የአማራ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ባሕር ዳር አለ። የማስተርስ ተማሪ ርዕስ የሚመርጠው ግን ብዙ ጊዜ ዳታ በቀላሉ ከሚገኝበት፣ አማካሪውም ከሚያውቀው ነው። አይፈረድበትም፤ ጊዜውም ብሩም አጭር ነው።

መራጩ ሲለያይ ምርጫው እንዴት እንደሚለያይ በደንብ የሚያሳየው ዝሆኔ ነው። የጎጃም ደጋ ዝሆኔ ከትንኝ የሚመጣው ዓይነት አይደለም። ለዓመታት በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች 20 ቀበሌዎች ውስጥ 17,553 ቤቶችን አዳርሶ 1,704 ታማሚዎች አገኘ። ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነው ነዋሪዎች 3.3 በመቶ ማለት ነው። ታማሚዎቹ ሕክምና የፈለጉት እግራቸው ማበጥ ከጀመረ በአማካይ አምስት ዓመት ቆይተው ነበር። ሕመሙ በየጊዜው እየተነሳ እግራቸውን ሲያቃጥልና ትኩሳት ሲያመጣ ደግሞ በዓመት 90 ቀን ያህል ይወስድባቸዋል።

90 ቀን ለገበሬ ምን እንደሆነ አስቡት። የእርሻው ወቅት አለቀ ማለት ነው። ዝሆኔ ግን እምብዛም አይገድልም። ቅድሚያው በሞት ቁጥር ብቻ ከተደረደረ ከዝርዝሩ ግርጌ ይወድቃል። ታማሚው ቢጠየቅ የሚያነሳው ሌላ ነው፤ ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ የት ይገኛል? ልጄ ይወርሰዋል? ለጋብቻ ማን ይጠይቀኛል? እነዚህ ሁሉ ጥናት ይፈልጋሉ። ችግሩ፣ ስብሰባ ሲጠራ ይህ ሰው አይመጣም። እግሩን ሸፍኖ ቤቱ ይቀመጣል። እሱን የሚፈልግ ቤቱ ድረስ መሄድ አለበት።

እንዲያም ሆኖ ጥሩ ጥያቄ ሁሉ ከሕዝብ ይመነጫል ማለት አይቻልም። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ 72 ንዑስ ቀበሌዎች በዕጣ ተመድበው የትራኮማ መድኃኒት ተሞክሮ ነበር። ጥያቄው የተመራማሪዎች ነበር፤ ስለ ዓይን። ሆኖም መድኃኒቱ በታደለበት አካባቢ የሕፃናት ሞትም ካልታደለበት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ የቀበሌ ስብሰባ ይኖር ነበር ብዬ አላስብም።

ሰውን ሳያስጨንቁ የማስመረጫ መንገዶች አሉ። አንዱ የባቄላ ነው። በሽታዎቹና ችግሮቹ በሥዕል ካርቶን ላይ ተደርገው መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ለእያንዳንዱ ሰው አምስት አምስት ፍሬ ባቄላ ይሰጣል፤ አሳሳቢ ባለው ላይ ያስቀምጣል። ካሻው አምስቱንም አንድ ላይ ይከምራል። መጻፍ የማይችልም ይመርጣል። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ቢያስቀምጡ ይሻላል። አብረው ከሆኑ ምራት አማቷ ያስቀመጡበትን አይታ ታስቀምጣለች። አንዳንዴ «የውኃ ጉድጓድ» ከበሽታው ሁሉ ባቄላ ይበልጥበታል። ስብሰባውን የጠራው ሰው ያኔ «እሱ የእኛ ዘርፍ አይደለም» ካለ ሥራው እዚያው ከሸፈ።

ቀኑም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ጤፍ ሲዘራ፣ ገበሬ አይገኝም። በ12 ለሚካኤል ወይም በ21 ለማርያም ግን አይታረስም፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አለ። አዊ ላይ ደግሞ ውይይቱ በአገውኛ ካልሆነ አዛውንቶቹ አንገት ነቅንቀው ብቻ ይለያያሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ታዲያ «በሙሉ ድምፅ ተስማሙ» ተብሎ ይጻፋል።

ሁልጊዜ የሚዘለለው የቆሎ ተማሪው ነው። ጎጃም በቅኔ ቤቱ የታወቀ ነው፤ ከሩቅ የመጡ ልጆች በየደብሩ ጎጆ ቀልሰው ይማራሉ። ልጁ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የማንም ቤተሰብ አባል ስላልሆነ በቤት ለቤት ጥናት በቀላሉ ይታለፋል። በአንድ ጎጆ ብዙ ሆነው ያድራሉ፤ እከክ አንዱን ከያዘ ሁሉንም ያዳርሳል። በየመንደሩ ውሻ ይከተለዋል፤ ስለዚህ ዱላ አይለየውም። የእብድ ውሻ በሽታን ማጥናት ለሚፈልግ ከዚህ ልጅ የተሻለ አማካሪ አላውቅም። እሱን ለማግኘት መጀመሪያ የኔታን ማስፈቀድ ነው።