ስለ «ወንድማማቾቹ ካራማዞቭ» የሚባለውና መጽሐፉ የሚለው

ይህን ልብ ወለድ አንብበው ከሚጠቅሱት ይልቅ ሳያነቡ የሚጠቅሱት ይበዛሉ ብዬ እጠረጥራለሁ። አይፈረድባቸውም፤ መጽሐፉ እንደ ጡብ ነው። ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ከ1879 መጀመሪያ እስከ 1880 መገባደጃ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በአንድ የሩሲያ መጽሔት ላይ በየክፍሉ አወጣው። ካለቀ ከጥቂት ወራት በኋላ እሱም አረፈ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ፊዮዶር ፓቭሎቪች የሚባል ሴሰኛ፣ ገንዘብ ወዳድና አፉን የማይገታ ሽማግሌ አለ። ሦስት ልጆች ወልዷል፤ ዲሚትሪ፣ ኢቫንና አልዮሻ። አንዱንም አላሳደገም። የቤቱ ወጥ ሠሪ ስሜርዲያኮቭም የሱ ዲቃላ ነው ተብሎ ይታማል። አንድ ሌሊት ሽማግሌው ተገድሎ ይገኛል። ከዚህ በታች ገዳዩን ስለምናገር፣ መጽሐፉን ገና የሚያነብ ሰው ማንበቡን ቢያቆም አልቀየምም።

«ማን ገደለው የሚል የወንጀል ታሪክ ነው»

ተራኪው የሽማግሌውን አሳዛኝ አሟሟት ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነግረናል። ገዳዩም ከችሎቱ በፊት ይታወቃል። መጽሐፉን የያዘው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሞቱን ማን ተመኘ? እያወቀስ ማን ዝም አለ?

«ኢቫን ‹እግዚአብሔር ከሌለ ሁሉም ይፈቀዳል› ያለ ከሃዲ ነው»

ይህች ጥቅስ በየቴሌግራም ቻናሉ፣ ከዶስቶየቭስኪ ፎቶ ሥር ትዞራለች። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ኢቫን እንዲህ አሳምሮ ሲናገራት አናገኝም። መጀመሪያ የምንሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ሚዩሶቭ የተባለ ዘመድ በገዳም ውስጥ፣ በአረጋዊው መነኩሴ በአባ ዞሲማ በዓት፣ ኢቫንን ለማሳጣት ያነሳዋል። ኢቫን የነፍስ ዘላለማዊነት ካልታመነበት በጎነት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ይፈቀዳል ብሏል ይላል። ኢቫንም ቃሉን አይክድም። በኋላ አልዮሻ ሲጠይቀው «ከተባለ ወዲያ አልመልሰውም» ዓይነት መልስ ይሰጣል፤ እልህ ይመስላል።

እዚያው በዓት ውስጥ የሆነውን ግን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። አረጋዊው መነኩሴ ኢቫንን አይቶ፣ ይህ ጥያቄ በልብህ ገና አልተቆረጠም፣ የሚያሠቃይህም እሱ ነው ይለዋል። ከዚያ ይባርከዋል። «ከሃዲው» ኢቫንም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ቡራኬውን ተቀብሎ እጁን ይስማል። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል።

ለአልዮሻ በጠጅ ቤት የሚነግረውም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። እግዚአብሔርን አልክድም፣ የማልቀበለው የፈጠረውን ዓለም ነው ይላል። ምክንያቱ የሕፃናት ሥቃይ ነው። የኋላው ዘመን ፍጹም ሰላም በአንዲት ሕፃን እንባ የሚገዛ ከሆነ፣ የመግቢያ ትኬቴን በአክብሮት እመልሳለሁ ባይ ነው። ይህ የኢዮብ ዓይነት ሙግት ነው። ከዳር ቆሞ የሚያፌዝ ሰው እንዲህ አይንገበገብም።

«ኢቫን አሰበ እንጂ ምንም አላደረገም»

እኔ መጽሐፉን ደጋግሜ የምከፍተው ለዚህ ክፍል ነው።

ከግድያው በፊት በነበረው ምሽት ስሜርዲያኮቭ ኢቫንን በር ላይ ያገኘውና ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ያወራዋል። ነገ የሚጥል በሽታዬ ሊነሣብኝ ይችላል ይላል። አሽከሩ ግሪጎሪ ታሟል፣ መድኃኒቱን ወስዶ ድብን ብሎ ይተኛል። ሽማግሌው በር የሚከፍትበትን የማንኳኳት ምልክት ዲሚትሪ ያውቃል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከዚህ እሄድ ነበር። ሽማግሌው ይገደላል የሚል ቃል ግን አልወጣውም።

ኢቫን ይናደዳል፣ ሊመታው ይቃጣዋል፣ ግን አይጠይቀውም። ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ደረጃው ይወጣል። ታች አባቱ ወዲያ ወዲህ ሲል ትንፋሹን ውጦ ያዳምጠዋል። ለምን እንደሚያዳምጥ ራሱም አያውቅም። ኋላ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከሠራው ሁሉ የከፋው ነውር ይህ ሆኖ ይታየዋል። ሲነጋ ሻንጣውን ጭኖ ይሄዳል። ስሜርዲያኮቭም ሲሸኘው፣ ከብልህ ሰው ጋር ማውራት ደስ ይላል የሚሉት እውነት ነው ይለዋል። ባቡሩ ሞስኮ ሲገባ ኢቫን በሹክሹክታ ራሱን «ወራዳ ነኝ» ይላል። አባቱ በዚያው ሌሊት ተገድሏል።

እንግዲህ ኢቫን ምን አደረገ? ሄደ። በሕግ መሄድ ወንጀል አይደለም። የዶስቶየቭስኪ ሥነ ልቦና ግን የሚሠራው እዚህ ጋ ነው። ሰው እያወቀ የማያውቅ መሆን ይችላል። አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ መልሱን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ አይጠይቅም። ስሜርዲያኮቭ በበኩሉ ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ሽማግሌውን ገደለው። በኋላ የሰረቀውን 3000 ሩብል ከካልሲው ውስጥ አውጥቶ እያስረከበው፣ ዋናው ገዳይ እርስዎ ነዎት፣ እኔ ታዛዥ ነበርኩ ይለዋል። በዚያው ምሽት፣ ቀደም ብሎ፣ አልዮሻ «አባታችንን የገደልከው አንተ አይደለህም» ብሎት ነበር። ደራሲው ከሁለቱ አንዱን አይመርጥልንም። ኢቫንም በሁለቱ መካከል አእምሮው ይቃወሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከግድያው በፊት፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ሰዎች ስለ ዲሚትሪ ሲጠየቁ የቃየንን መልስ ይመልሳሉ። ስሜርዲያኮቭ እኔ የሱ ጠባቂ ነኝ ወይ ይላል። ኢቫንም ብዙ ሳይቆይ ያንኑ ይደግማል። «የወንድሜ ጠባቂው እኔ ነኝን?» የሚለውን ሲሰማ ላደገ አንባቢ ደወሉ ወዲያው ይደወላል። ስሜርዲያኮቭን ግን በዚያ ቤት ወንድሜ ብሎ የጠራው የለም። ደጉ አልዮሻም ቢሆን።

«አልዮሻ መልአክ ነው»

ኢቫን አንድ ታሪክ ይነግረዋል። አንድ ጄኔራል፣ የውሻዬን እግር በድንጋይ ጎዳህ ብሎ የስምንት ዓመት ልጅ በእናቱ ፊት በውሾች ያስበላል። ይህን ሰው ምን እናድርገው? ይረሸን? ገዳም የሚኖረው አልዮሻ ፊቱ ገርጥቶ «ይረሸን!» ይላል።

ቀጥሎ ደግሞ የነፍስ አባቱ አባ ዞሲማ ያርፋል። ሕዝቡ ተአምር ሲጠብቅ አስከሬኑ ገና በቀኑ መሽተት ይጀምራል። ቅዱስ ቢሆንማ ኖሮ የሚለው ሐሜት ገዳሙን ያጥለቀልቀዋል። አልዮሻ ይሰበራል። በገዳም የማይበላውን ቋሊማ ሲሰጡት እሺ ይላል፣ ቮድካ ሲሉት እሺ ይላል። ከዚያም በመጥፎ ስሟ ወደምትታወቀው ግሩሼንካ ቤት ይወስዱታል። ልታስተው ያሰበችው ሴት የመነኩሴውን ሞት ስትሰማ ከጉልበቱ ላይ ዘልላ ትነሣና ታማትባለች። ያን ምሽት አልዮሻን ያነሣችው እሷ ናት። ደግነቱ ያልተፈተነ ደግነት አይደለም።

«ዶስቶየቭስኪ ሥቃይን ያመልካል»

ዲሚትሪ ያልሠራው ወንጀል ተፈርዶበታል። አባቱን እገድላለሁ ብሎ በአደባባይ ፎክሯል፣ ዘነዘናም ይዞ ሄዷል፤ አልገደለም። ቢሆንም ተመኝቼ ነበርና ቅጣቱን እቀበላለሁ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ሥቃይ ያነጻል» ብሎ ይዘጋዋል። መጽሐፉ ግን ገና ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ከእስር የማምለጥ ዕቅድ ይመጣል፤ ከግሩሼንካ ጋር አሜሪካ ሊሄዱ። ዲሚትሪም ይስማማል። አልዮሻ ምን አለ? ተው አላለም። እንዲህ ያለ መስቀል ለሁሉም ሰው አይሆንም፣ አንተም ገና ዝግጁ አይደለህም አለው።

«ፍሮይድ ሁሉንም ፈትቶታል»

የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1928 ባወጣው ጽሑፍ ልብ ወለዱን ከዶስቶየቭስኪ አባት ሞትና ከሚጥል በሽታው ጋር አያይዞታል። ማራኪ ንባብ ነው። ችግሩ አባትየው በ1839 በገበሬዎቻቸው ተገደሉ የሚለው ወሬ እስከዛሬ ያከራክራል። ደራሲው የሚጥል በሽታ ይዞት የኖረ መሆኑ ግን እውነት ነው፤ በልብ ወለዱ በሽታውን ለገዳዩ ሰጠው። በ1878 ደግሞ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ በዚሁ በሽታ ሞተበት። የልጁ ስም አልዮሻ ነበር። ዶስቶየቭስኪ በሳይቤሪያ፣ ኦምስክ በታሰረበት ጊዜም አባቱን ገደለ ተብሎ የተፈረደበት፣ በኋላ ንጹሕ መሆኑ የታወቀ እስረኛ አግኝቷል። እኔ ከፍሮይድ ኦዲፐስ (ልጅ በስውር የአባቱን ሞት ይመኛል ከሚለው ሐሳብ) ይልቅ እነዚህን ሁለቱን ባስቀድም እመርጣለሁ።

«ጨለማና አስጨናቂ ነው»

በጣም ያስቃል እኮ። ኢቫን በቅዠት የሚያየው ሰይጣን ቀንድም ጅራትም አይታይበትም። ልብሱ ያለቀበት፣ በሰው ቤት እየዞረ የሚበላ ባላባት ይመስላል። ቁርጥማት ያመዋል። ሕልሙም ወፍራም የነጋዴ ሚስት ሆኖ ተፈጥሮ ቤተ ክርስቲያን ሻማ ማብራት ነው። ኢቫን ንዴቱ ሲጠና አንተ የኔ ቅዠት ነህ እያለ የሻይ ብርጭቆ ይወረውርበታል። ሰይጣኑም ልብሱን እያራገፈ ያጉረመርማል፤ ቅዠት ነህ እያለኝ በቅዠት ላይ ብርጭቆ ይወረውራል!