የሕፃናት መደበኛ ክትባትና የሚሰጥበት ዕድሜ

መደበኛ የሕፃናት ክትባት አንድ ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ በተወሰነለት ዕድሜ የሚወስዳቸውን ክትባቶች በአንድ መርሐ ግብር ያካተተ የበሽታ መከላከያ አገልግሎት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 ፕሮግራሙን ሲጀምር ያተኮረው በስድስት በሽታዎች ላይ ነበር፤ እነርሱም የሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ ናቸው። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ፣ የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር አምጪ ባክቴሪያዎች እንዲሁም ብርቱ ተቅማጥ የሚያስከትለው የሮታ ቫይረስ ክትባቶች የተጨመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ዝርዝሩ ከአገር አገር ይለያያል።

የሄፓታይተስ ቢ የመጀመሪያ ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ የሚመከረው ቫይረሱ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍና በጨቅላነት የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ስለሚኖር ነው። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነው ቢሲጂ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በክንድ የላይኛው ክፍል፣ ቆዳው ውስጥ ይወጋል። ከሳምንታት በኋላ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ጥቂት መግል ያወጣና ትንሽ ጠባሳ ትቶ ይድናል። ብዙ ወላጆች በዚህ ደንግጠው ቅባት ይቀቡታል፤ ነገር ግን ቁስሉ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ከመቆየት በቀር ምንም አይፈልግም።

በብዙ አገሮች ሕፃኑ 6፣ 10 እና 14 ሳምንት ሲሞላው አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት ከፖሊዮና ከሳንባ ምች ክትባቶች ጋር ይሰጠዋል፤ የሮታ ክትባትም በዚሁ ወቅት በአፍ ይጨመርለታል። አንድ መርፌ የማይበቃው የሕፃኑ ሰውነት በመጀመሪያው መጠን በሽታውን ገና መለየት ስለሚጀምር፣ ጽኑ መከላከያ የሚገነባው ግን በተከታዮቹ ስለሆነ ነው። በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ሊኖር ይገባል።

የኩፍኝ ክትባት ቀጠሮ ሌላ ምክንያት አለው። ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ወራት የክትባቱን ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሚያጠፋው፣ ቀድሞ የተሰጠ ክትባት ውጤቱ አነስተኛ ነው፤ እጅግ ከዘገየ ደግሞ ልጁ ያለመከላከያ ለበሽታው ይጋለጣል። ስለዚህ ኩፍኝ በሚበዛበት አካባቢ በ9 ወር፣ ብርቅ በሆነበት ደግሞ በ12 ወር ይጀመራል። ከ15 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ የሚሰጠው ሁለተኛው መጠን ማጠናከሪያ ብቻ ይመስላል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን በመጀመሪያው መጠን መከላከያ ያላዳበሩትን ልጆች መድረሱ ነው። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለልጃገረዶች የሚሰጠው ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ካንሰሩን ለሚያመጣው ቫይረስ ከመጋለጣቸው በፊት ነው።

ቀጠሮ ያለፈበት ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ለሮታ ክትባት ግን አንዳንድ አገሮች የዕድሜ ገደብ አላቸው። ቀላል ጉንፋን ወይም መጠነኛ ትኩሳት ክትባትን አያስቀርም። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃንም የክትባት ዕድሜው የሚቆጠረው እንደማንኛውም ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ነው።