አጎበር ከአልጋ ሲወርድ፦ በኮምቦልቻና በደሴ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወርደው መንገድ ዳር ባሉ ጓሮዎች፣ ለወባ መከላከያ የታደለ አጎበር ጎመኑን ከዶሮ ሲከልል ወይም ተገምዶ የበግ ማሰሪያ ሲሆን ቢታይ አያስገርምም። ስለዚሁ ጉዳይ ከሚነገረው ውስጥ ግን የተሳሳተው ይበዛል።

«አጎበሩን ለሌላ ሥራ የሚያውል ሰው ጥቅሙን ያልተረዳ ነው።»
ይህ የችኮላ ፍርድ ነው። አጎበር ለ3 ዓመት ያህል እንዲያገለግል የሚሠራ በመሆኑ፣ የተቦጫጨቀውን አውርዶ አዲሱን የሰቀለ ቤተሰብ በአሮጌው ችግኝ ቢከልልበት ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው ገና የሚሠራው ሲወርድ ነው፤ በተለይም በአጨዳ ሰሞን፣ ምክንያቱም ነዶና ጭድ ማሰሪያ የሚፈለግበት ኅዳር ከክረምት በኋላ ወባ ከሚበረታባቸው ወራት አንዱ ነው።

«አጎበር ትኋን ያመጣል።»
አጎበር የሚወርድበት ዋናው ሰበብ ይህ ይመስለኛል፤ ቅሬታውም ከመሬት የተነሣ አይደለም። በክሩ ውስጥ ያለው ፓይሬትሮይድ የተባለ ኬሚካል መጀመሪያ ላይ ትኋኑንም ቁንጫውንም ስለሚገድል ቤተሰቡ ደስ ይለዋል። ውሎ አድሮ ኬሚካሉን የተላመደው ትኋን ተመልሶ በአጎበሩ ስፌት ውስጥ ሲደበቅ ግን፣ ጥፋቱ በአጎበሩ ይላከካል። መፍትሔው የአልጋውንና የግድግዳውን ስንጥቅ ማጽዳት፣ ፍራሹንም ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። አጎበሩ ራሱ ግን ፀሐይ ኬሚካሉን ስለሚያዳክመው ከታጠበ በኋላ በጥላ ይደርቃል፤ እጥበቱም አይበዛም፣ የሚችለው 20 ጊዜ ያህል ነውና።

«ኬሚካል ስላለው እህልንም ከነቀዝ ይጠብቃል።»
አይጠብቅም፤ ምግብ እንዲነካ የተሠራም አይደለም። በርበሬ ማስጫም መሆን የለበትም።

«ካረጀ በኋላ ዓሣ ቢጠመድበት ምን አለበት?»
ኬሚካሉ ለዓሣ መርዝ ነው፤ ጠባቡ ቀዳዳም ጫጩቱን ሳይቀር ጠርጎ ያወጣል። ስለዚህ አሮጌም ቢሆን ሐይቅ ውስጥ መግባት፣ ቦርከና ወንዝ ውስጥም መታጠብ የለበትም።

«ደሴ ደጋ ስለሆነ አጎበር ለመጋረጃ ቢውል ምንም አይደለም።»
ወባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ደሴ አነጋገሩ ከእውነት ሩቅ አይደለም። ትንኟ የምትነድፈው ግን ሰውየው በሚያድርበት ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ካለ ዘመድ የተላከው አዲስ አጎበር ደሴ ላይ መስኮት ሲሸፍን፣ ባለቤቱ ለንግድ ወርዶ ከሚሴ ወይም ባቲ ያለ አጎበር ያድራል።